ተፈታትቶ የተሸጠው ስካቫተር

«እሷ ስለ ብረት ምን ታውቃለች? አይታ ትፈርማለች። ባሏን ግን አላመጣውም፤ እሱን ለእኔ ተወው።»

በዛወርቅ ይህን የሰማችው በታናሽ ወንድሟ በልዑልቃል በረንዳ ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ስትጠርግ ነው። ቦንጋ ሌሊቱን ሲዘንብባት አድሮ ከቤቷ እስከዚህ ያለው ቁልቁለት በሙሉ ጭቃ ሆኗል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ልዑልቃል ደግሞ ሞባይል ከገዛ ወዲህ ጅማ ላለ ሰው ያለ ስልክም እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚያወራው። እንጨቱን እንደያዘች ቀረች። ስለ ብረት ምን ታውቃለች መባሏ አላናደዳትም፤ እውነት ነው፣ አታውቅም። ትፈርማለች ማለቱም ልክ ነው፣ የመጣችው ልትፈርም ነው። ያቃጠላት የመጨረሻው ቃል ነው። ስካቫተር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ገብረወልድን የማይወስደው ለምንድን ነው? በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ ገበሬ ጎረቤቱን ለምኖ ይዞ ገበያ ይወጣል። ባሏ በዚህ ዞን መንገድ ሲቆርጥና ቦይ ሲቆፍር የኖረ ኦፕሬተር ነው፤ ሞተር ሲያስል ከሩቅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ የሚናገር ሰው ነበር። ታዲያ «እሱን ለእኔ ተወው» ማለት ምን ማለት ነው?

ሳል አሰማችና ገባች። ልዑልቃል ሻጩን «መጣን» ብሎ ስልኩን ዘጋና «እትዬ በዛ፣ መጣሽ?» እያለ ጉንጯን አገላብጦ ሳማት። ሳሎኑ ባለፈው ከመጣችበት ጊዜ ይልቅ ሞልቷል። አዲስ ሶፋ ገብቷል፣ ላስቲኩ ገና አልተነሣለትም፣ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ከቴሌቪዥኑ በላይ የአባታቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ እሷ ከአባቷ ቤት አንድ ነገር ልውሰድ ስትል የጠየቀችው ያን ፎቶ ነበር፣ ጠፋ ተብላ ነበር። ስለ ፎቶው አላነሣችም። የልዑልቃል ሚስት ሔርሜላ ሻይ ቀድታ ስኳር ዕቃውን ከፊቷ አስቀመጠችና ስኳር ስምንት ብር እንደገባ፣ እሱንም ቀበሌ ተሰልፎ ማግኘት እንዳቃተ አወራች። ስታወራ ዓይኗን ከስኳሩ ላይ አላነሣችም። በዛወርቅ ሁለት ማንኪያ ጨምራ ሻይዋን ስታማስል፣ ይህቺ ልጅ ሌላ ጊዜ ወሬ ስትጀምር የሰው ዓይን ዓይን እንደምታይ ትዝ አላት።

የሚፈረመው የአባታቸው ቤት ገንዘብ ነው። ቤቱ ገበያው አጠገብ ስለነበር ጥሩ አውጥቷል፤ ገንዘቡ በሁለቱ ስም ባንክ ተቀምጧል፣ አንዱ ብቻውን ሳንቲም ማውጣት አይችልም። ቤቱ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ልዑልቃል አፍ ላይ ያለው ነገር ማሽን ነው። ወደ ሚዛን ከተማ የሚሄደው መንገድ እየተሠራ ነው፣ ኮንትራክተሩ ሁሉ ማሽን አጥቶ ይጮኻል፣ በሰዓት ቢያከራዩት በዓመት ውስጥ ሌላ ቤት ይሠራሉ። እሷ ሸቀጥ ቤት ነበር ያሰበችው። እሺ ያለችው ስለ ኪራዩ ብላ አይደለም። ማሽን ከተገዛ ኦፕሬተር ያስፈልገዋል፤ ኦፕሬተር ካስፈለገው ደግሞ ባሏ ተመልሶ መሪ ይጨብጣል፤ መሪ ከጨበጠ ምናልባት ተመልሶ ሰው ይሆናል። ይህንን ለማንም ሳትናገር በልቧ ይዛ ነው የከረመችው። አሁን ግን ያን ቃል ከሰማች በኋላ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

በባጃጅ ሄዱ። በጅማ መውጫ በኩል፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። ሻጩ አቶ ከፈለኝ ከጅማ የመጣ ወፍራም ሰው ነው፤ ስቴኪኒ ከአፉ አይለይም፣ እሷን «እናቴ» ይላታል፣ ልዑልቃልን ደግሞ «ወንድሜ»። ስካቫተሩ ከግቢው መሐል ቆሟል። ከፊት ለፊቱ ሰፊ አካፋ ያለው፣ ከኋላው ረጅም ክንድና መቆፈሪያ ባኬት ያለው፣ ሲቆፍር እንዳይንሸራተት በሁለት የብረት እግሮች መሬት የሚረግጠው ዓይነት ነው። ከላይ እስከ ታች ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። አዲስ ልብስ ያለበሱት ሽማግሌ ይመስላል፤ ጎማው ተበልቷል፣ የጋቢናው በር ገመድ ይዞታል። አቶ ከፈለኝ ዙሪያውን ይዟት እየዞረ የዘጠና አምስት ሞዴል እንደሆነ፣ አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ እንደኖረ፣ ሥራ እንዳልነካው ነገራት። እሷ ስለ ብረት የማታውቅ ሰው ነችና የማያውቅ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀች፤ መኪና ሁሉ የተሠራበት ዓመትና ቁጥር የተጻፈበት ሳህን የለውም ወይ አለች። ነበረ፣ ቀለም ሲቀባ ወደቀ አላት። ሳህኑ የነበረበት ቦታ ላይ አራት የሪቬት ምስማር ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነዋል። ሻንሲው ላይ የሚመታውስ ቁጥር? እሱ በዕድሜ ብዛት ጠፍቷል አላት። ሥራ ያልነካው የዘጠና አምስት ሞዴል በምን ዕድሜው ነው ቁጥሩ የጠፋው ብላ አሰበች፤ ጣቷን ስታሳርፍበት ብረቱ ሞረድ የበላው ነው፣ ለስላሳ ነው።

ያኔ ነው ወደ ኋላ የዞረችው። ለምን እንደዞረች ራሷም አታውቀውም፤ እግሯ ወሰዳት። የግራው የብረት እግር በውስጥ በኩል፣ ማንም ሳያጎነብስ በማያየው ቦታ፣ ግራሶ ተለድፏል። ይህን ያህል የኦፕሬተር ሚስት ታውቃለች፣ ግራሶ መገጣጠሚያ ላይ ይቀባል፤ ይህ ግን መገጣጠሚያ ከሌለበት ደረቅ ብረት ላይ ነው የተለደፈው፣ የትናንት ወይም የዛሬ ጠዋት ነው። ተቀምጣ በነጠላዋ ጥለት ጠረገችው። ከግራሶው ሥር ሦስት አጫጭር ቁም መስመሮች፣ ከላያቸው አንድ ቆልማማ፣ በብየዳ ተጽፈው ወጡ።

ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ሁሉ ዛፉ ላይ የሚቀርጸው የራሱ ምልክት አለው። ምልክቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ሰው ቢራብ እንኳ የሌላ ሰው ምልክት ያለበትን ዛፍ አይወጣም፤ ልጆች ከፊደል በፊት የሚለዩት የቱ የማን እንደሆነ ነው። ሦስቱ መስመርና ቆልማማው የገብረወልድ አባት የአቶ ዋለ ምልክት ነው። ገብረወልድ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረው የመንግሥት ድርጅት ስካቫተሩን በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ሲያስረክበው ከደስታው ብዛት በብየዳ ጻፈበት። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የክት ልብሷን እንደለበሰች ወስዶ አስጎንብሶ አሳያት። የመንግሥት ንብረት ላይ እንዲህ ይደረጋል ወይ ብላ ስትቆጣው፣ ንብረቱ የመንግሥት ነው፣ የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ አላት። በዘጠና አንድ ያ ስካቫተር ከድርጅቱ ግቢ ጠፋ። ግምገማ ተጠራ። የንብረት ኃላፊው ተነሥቶ ቁልፉ በማን እጅ ነበር ብሎ ጠየቀ፣ ሁሉም ወደ ገብረወልድ ዞረ። ሺሺንዳ ከተማ ላይ ብረቱን በኪሎ እየመዘነ ሲሸጥ አየነው የሚሉ ሁለት ሰዎች ተገኙ። ፍርድ ቤቱ ተፈታትቶ በኪሎ ተሽጧል ብሎ ሦስት ዓመት ፈረደበት። ከወጣ በኋላ ደግሞ ከተማው ስም አወጣለት፤ ገብረወልድ በኪሎ። ሥጋ ቤት ደጅ ሲያልፍ «ስንት ኪሎ?» ይሉታል። ማለፉን ተወ።

ይኸውና። አንድ ኪሎ አልጎደለበትም። ሙሉ አካሉን ይዞ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል።

አቶ ከፈለኝ አጎንብሶ አየውና ስቴኪኒውን ከአፉ አውጥቶ «ስንጥቅ ኖሮበት ተበይዶ ነው፤ ምንም አይልም፣ ጠንካራ ብየዳ ነው» አላት። ሲናገር ፊቱ ላይ ድንጋጤ የሚባል አልነበረም። በዛወርቅ ቀስ ብላ ተነሣች። ይህ ሰው ምልክቱን አያውቀውም። የማያውቀውን ነገር ደግሞ ማንም በግራሶ አይሸፍንም። ዞር ስትል ልዑልቃል ከጎማው አጠገብ ቆሞ ያያታል። ልጅ ሆኖ በየክረምቱ ማብቂያ ከገብረወልድ ጋር ማንኪራ ይወርድ የነበረው፣ የማሩን ቅርጫት ይዞ ከዛፉ ሥር ይቆም የነበረው፣ ያን ምልክት በከሰል በየግድግዳው እየጻፈ አባታቸውን ያስቆጣ የነበረው እሱ ነው። ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አነሣና ወደ ቆርቆሮው አጥር አየ።

ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የታፈነ ጩኸት ደረቷ ላይ ነበረ፤ በዚያ ቢወጣ የቆርቆሮውን አጥር ይነቅለው ነበር። ግን አጠገቡ የቆመውን፣ ማሽን የሚጫንበትን ሎቤድ መኪና አየች። ከጮኸች ይህ ሰው ዛሬውኑ ጭኖት ይሄዳል፣ ጅማ ሳይደርስም የእውነት ተፈታትቶ የእውነት በኪሎ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ አየሁ ብትል ማን ይሰማታል? የሌባ ሚስት። ምላሷን ነከሰች።

«ጥሩ ዕቃ ነው። ግን የራሴ ኦፕሬተር ሳይሞክረው አልፈርምም» አለች።

አቶ ከፈለኝ ምን ነውር አለው አለ። ገዢ የራሱን ሰው አምጥቶ ማስሞከሩ ደንብ ነው፤ ሳያስሞክር የሚገዛ ሰው ቢያገኝ እሱ ራሱ ይጠራጠር ነበር። ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲመጡ፣ ቆፍሮም ነድቶም እንዲያየው፣ ከዚያ ባንክ እንደሚሄዱ ተስማሙ። ልዑልቃል ክንዷን ይዞ ከግቢው አወጣት። ባጃጅ አልጠሩም። ግቢው ከኋላቸው ከራቀ በኋላ ነው የተናገረው። አዎ፣ አውቋል፤ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሲያይ ነው ያወቀው፣ ግራሶውንም ትናንት ተመልሶ የለደፈው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱም ደንግጦ ነበር። በኋላ ሲያስበው ግን፣ የተደረገው ተደርጓል፣ ጋሽ ገብሬም ታስሮ ወጥቷል፣ የታሰረበትን ዕድሜ ማንም አይመልስለትም። ሰውዬው ወረቀቱ ንጹሕ ስላልሆነ ቶሎ ሊገላገለው ይፈልጋል፣ ዋጋውም ለዚያ ነው የረከሰው። ለባዕድ ከሚሆን ለቤተ ሰብ ቢሆን ምን ክፋት አለው? እንዲያውም እንደ ካሣ ቁጠሪው አላት።

«እንደ ካሣ?» አለች።

«እትዬ በዛ፣ ያኔ የንብረት ኃላፊ የነበረው ሰው ዛሬ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ከማን ገዛኸው ብለሽ ይህን ሰው ብትጠይቂው ክሩ የሚመዘዘው እዚያ ድረስ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። ደግሞ ኦፕሬተር ብለሽ ጋሽ ገብሬን ልታመጪ ከሆነ ድካም ነው። እሱ አይመጣም። አውቀዋለሁ፣ ያ ሰው ካለቀ ቆይቷል።»

መንገዱ ላይ ቆመች። ወህኒ ቤት ስንቅ ስታመላልስ ምሳ ዕቃውን የሚይዝላት ይህ ወንድሟ ነበር። ሲከብዳት ተቀብሏት፣ ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን አልብሷት፣ በሩ ላይ ወታደሩ ወጡን በእንጨት ሲያማስለው አብሯት አልቅሶ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለ ያጽናናት የነበረውም እሱ ነው። ያን ተረት ጠልታዋለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ነግቷል፣ የጠራ ነገር ግን አላየችም። ዛሬ እውነቱ በራሱ ጎማ ተንከባልሎ ሲመጣ ግራሶ የለደፈበት ያው አጽናኙ ነው። መሳደብ ፈለገች፤ የሚበቃ ስድብ አጣች። ስምንት ሰዓት እንገናኝ አለችውና ዳገቱን ብቻዋን ወጣችው።

የሚኖሩት በአንዲት የጭቃ ክፍል ነው፣ ኪራዩ በወር ሰማንያ ብር። ገብረወልድ ደጁ ላይ ዝናብ በሚከልለው ክፈፍ ሥር ተቀምጦ ቀፎ ይሠራል፤ ወህኒ ቤት መተዳደሪያ ያደረገው የአባቱ ሙያ ነው። ማንኪራ ሄዶ አይሰቅላቸውም፣ ሠርቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ ምልክትም አይጽፍባቸውም። ነገረችው። ከስልኩ ጀምሮ፣ ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ስለ ግራሶው፣ ስለ መስመሮቹ፣ ልዑልቃል ስላለው ሁሉ ነገረችው። እጁ ሥራውን አላቆመም። አንዱን ሐረግ በሌላው ሥር አሳልፎ ጠበቅ አደረገና «ተይው» አለ።

ያኔ የጠዋቱ ሁሉ ገነፈለ። ለልዑልቃል ያልወጣው ለባሏ ወጣ። ግምገማው ላይ ዝም አልክ አለችው፤ ፍርድ ቤቱ ፊት ቆመህ አልሸጥኩም ብለህ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርክም፤ ሲሰድቡህ ዝም፣ በኪሎ ሲሉህ ዝም፣ ዝምታህን ጨዋነት አደረግከው፣ ሰው ግን ጥፋተኛ ስለሆነ ነው የሚለው። እኔስ? ገበያ ስወጣ ሚዛን የያዘ ሰው ሁሉ እያየኝ ሲስቅ የት ልግባ? ወንድሜ ያ ሰው አልቋል አለኝ፣ እና አሁን ተይው ስትል እውነቱን ነው ልበል? ድምጿ ጎረቤት ደርሶ ሰዎች ከየበሩ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ግድ አልሰጣትም። ሲደክማት ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጣሪያው ላይ ካፊያ ጀመረ። ገብረወልድ ቀፎውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ግራ እግሩ አሁንም ዘይት ያፈሳል?»

«ምኑን አውቄ፤ ሂድና እየው» አለችው፣ እንባዋን ግራሶ በነካው ጥለቷ እየጠረገች።

ቀፎውን ወደ ግድግዳው አስጠጋው። እጁን በሳሙና ታጠበ። ኮቱን ለበሰና ወጣ፤ እሷ ተከተለችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ሲደርሱ ልዑልቃል ከአቶ ከፈለኝ ጋር ቆሞ ይሥቅ ነበር። ገብረወልድን ሲያይ ሣቁ አፉ ላይ ቀረ። አቶ ከፈለኝ የጅማ ሰው ነው፣ ፊቱን አያውቅም፤ ኦፕሬተሩ ይኸው ነው ስትለው እጁን ዘርግቶ ጨበጠውና ቁልፉን ሰጠው፣ ባትሪው ደከም ስላለ ሞተሩን እንዳያጠፋው አሳሰበ። ልዑልቃል አንዴ አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ምን ሊል ነው? ይህ ሰው አይንካው ካለ ለምን ይባላል። ለምን ከተባለ ምልክቱ ይነሣል፤ ምልክቱ ከተነሣ አውቆ እንደሸፈነው ይነሣል። አፉን ዘጋ። በዛወርቅ ከጎኑ ቆመች፤ ሲተነፍስ ይሰማታል።

ገብረወልድ ዙሪያውን አልዞረም፣ ብረቱን አልመታም፣ አጎንብሶም አላየም። በቀጥታ ወጥቶ ተቀመጠ። ወንበሩን ፈልጎ ሳያይ በእጁ አስተካከለው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ታንቆ ሦስተኛው ላይ ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳያደርግ ድምፁን ሲያዳምጥ ቆየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው፣ ምን እንዳለ ግን ሞተሩ ዋጠው። ሁለቱን እግሮች አወረደ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ከግቢው ጥግ አንድ ጉድጓድ ቆፈረ። ስምንት ዓመት ያልነካ እጅ አይመስልም ነበር። አፈሩን መልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው፣ በባኬቱ ጀርባ ደልድሎ ደመደመው። እግሮቹን ሲያነሣቸው የግራው ዘግይቶ ተነሣ፣ ከሥሩ ዘይት ጠብ ጠብ አለ። አቶ ከፈለኝ ኦፕሬተርሽስ ሙያ አለው አላት። መንገድ ላይም ይሞክረው፣ ማርሹን ይየው ስትል እንዴታ አለ። በሩን የከፈተችው ራሷ ነች።

ስካቫተሩ ወጣ። የገበያ ቀን ነበር። ጅማ መንገድ ላይ ጥቂት ሄዶ ይዞራል ብለው ሲጠብቁት አልዞረም፤ ወደ ከተማው መሐል ዳገቱን ያዘ። በዛወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከፊት ለፊቱ በእግሯ ወጣች። ባጃጆች ጥግ ያዙ፣ ቡና የጫኑ በቅሎዎች ደነገጡ። ሥጋ ቤቱ ደጅ ሲደርሱ ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶ ጋቢናውን አንጋጦ አየ። አጠገቡ የነበረው ሰው «በኪሎ አይደለም እንዴ?» አለ። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን ዝቅ አደረገ። ገብረወልድ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየም። ጭቃው ላይ ከኋላቸው የጎማው ዱካ ተሰምሮ ቀረ። ፖሊስ ጣቢያው ሲደርሱ ሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት ግቢው መሐል አቆመው፣ እግሮቹን አወረደ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋውም።

ተረኛው ሳጅን ወጥቶ ምንድን ነው ይህ ሳይል አቶ ከፈለኝና ልዑልቃል በባጃጅ ደረሱ። አቶ ከፈለኝ ወርዶ እየሮጠ፣ ስቴኪኒው ወድቆበት፣ ሌባ፣ ስካቫተሬን ሰረቀኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰረቀኝ ይላል። ሰው አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሳጅኑ ወደ ጋቢናው ሲያይ በዛወርቅ መሐል ገባች።

«እውነቱን ነው፣ ሰርቆታል። ጻፍልን» አለችው። «ገብረወልድ ዛሬ ከዚህ ሰውዬ ግቢ አንድ ስካቫተር ሰረቀ ብለህ ጻፍ። ሙሉ አካሉ ያለ፣ ሞተሩ የሚሠራ፣ በራሱ ጎማ የመጣ ብለህ ጻፍ። ፍርድ ቤት ተፈታትቶ በኪሎ ተሽጧል ብሎ ሦስት ዓመት የፈረደበት ስካቫተር ነው የሰረቀው። ምልክቱ ግራ እግሩ ላይ አለ። ሰውዬውንም ከማን ገዛኸው በለው።»

ሳጅኑ ልጅ እግር ነው፣ ያኔ አልነበረም፤ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ግን ነበረ፣ ማጉረምረም ጀመረ። ሳጅኑ ወደ አቶ ከፈለኝ ዞሮ ከማን ነው የገዛኸው አለው። አቶ ከፈለኝ ዙሪያውን አየ። ወደ ልዑልቃል አየ፣ ወደ ማሽኑ አየ፣ ላቡን ጠረገ። ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ክስ የለኝም አለ፤ በአለመግባባት ነው፣ ለሙከራ ነው የሰጠሁት። ሳጅኑ እንግዲያው ንብረትህን ይዘህ ሂድ አለው። አቶ ከፈለኝ ወደ ስካቫተሩ አልቀረበም። ወረቀቱን ይዤ እመለሳለሁ እያለ ወደ ባጃጁ ሲያፈገፍግ ሳጅኑ የትም አትሄድም ብሎ ፖሊስ አቆመበት።

ከዚያ ሳጅኑ አጎንብሶ ምልክቱን አየ። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ወይ አለ። በዛወርቅ ወንድሟን አየችው። ሁሉም እሷ ያየችውን አየ። ልዑልቃል ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ሲመለከት ቆየ።

«አላውቀውም» አለ።

ቅርጫቱን ይዞ ከዛፍ ሥር የሚቆመው ልጅ በዛወርቅ ዓይን ላይ መጣና ሄደ። እንባ የመጣ መስሏት ነበር፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ሳጅኑ ጠረጴዛና ወንበር አስወጣና እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ባለቤትነቱ የሚያጠራጥር አንድ ስካቫተር፣ ሙሉ አካሉ ያለ፣ ሞተሩ የሚሠራ። ያስረከበው ማን ይባል ብሎ ቀና አለ።

ሞተሩ ጠፋ። ገብረወልድ ከጋቢናው ውስጥ፣ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

«ገብረወልድ ዋለ። ኦፕሬተር።»

ሳጅኑ ጻፈው። ርክክቡን ያየ አንድ ሰው ይፈርም አለና እስክሪብቶውን በቅርብ ለቆመው ለልዑልቃል ዘረጋለት። ልዑልቃል እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በዛወርቅ እስክሪብቶውን ከሳጅኑ እጅ ወሰደችው።

«እኔ እፈርማለሁ» አለች። «አይቻለሁ።»